እንፋሎቱ ቢበንም ባትሪው ይቀራል

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስገባትም ሆነ መሸጥ ይከለክላል። በርካታ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ብሪታንያ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ቬፕ ከጁን 1 ቀን 2025 (እ.አ.አ.) ጀምሮ እንዳይሸጥ ታግዷል። የሚሞላው ዓይነት ግን ዛሬም ይሸጣል። ስለዚህ እገዳው ብቻውን ወጣቱን ከሱስ አያድነውም። ፍራፍሬ ቢሸትም ኒኮቲን ያው ኒኮቲን ነው። «ከሲጋራ ይሻላል» የሚለውም ቃል አጭሶ ለማያውቅ ወጣት ምክንያት ሊሆነው አይችልም። አካላችን ከአላህ (ሱ.ወ.) የተሰጠን አማና ነውና!

የተወ ወጣትም አንድ ሐቅ ይቀርበታል። በእቃው ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር ተጥሎ በቆሻሻ መኪና ሲጨፈለቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ አደጋው የሚደርሰውም በጽዳት ሠራተኛው ላይ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውን የሚያውክ ነገር ከመንገድ ማንሳት የኢማን ክፍል መሆኑን አስተምረውናል። ታዲያ እኛ እንዴት አዋኪውን ጥለን እንሄዳለን? እቃው ሳይፈታና ሳይሰበር ቬፕ ለሚሸጥ ሱቅ ይመለስ፤ በብሪታንያ ሻጩ የመቀበል ግዴታ አለበት።

ወላጆች ሆይ! በልጃችሁ ኪስ ብታገኙት በንዴት ቆሻሻ ውስጥ አትወርውሩት። እቃውን ወደ ሱቁ መልሱ፤ ልጁን ግን ወደ እናንተ አቅርቡት። አላህ ያግራልን።