የብር ሽቦ ወይስ የመዳብ ሽቦ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ስፒከር ሽቦ ነው።

ሁለት ስፒከር ያለው ቴፕ ወይም ሬዲዮ በቤታችሁ ካለ፣ ድምፁን ከማጫወቻው ወደ ስፒከሩ የሚያደርሰው ሽቦ ነው። ታዲያ አንድ ነጋዴ፣ «ይህ የብር ሽቦ ነው፤ ድምፅ ያጠራል» ብሎ የመዳቡን ብዙ እጥፍ ቢጠይቃችሁስ? በግ የተሸጠበትን ገንዘብ ከመክፈል በፊት ነገሩን እንመርምር።

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ ከብረታ ብረት ሁሉ አንደኛው ብር ነው። ብር ስንል በኪሳችን ያለውን ገንዘብ አይደለም፤ የአንገት መስቀል የሚሠራበትን፣ የድሮው ማርትሬዛም አብዛኛው አካሉ የነበረውን ማለታችን ነው። መዳብ ሁለተኛ ነው። ነገር ግን የሁለቱ ልዩነት ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነው።

ይህ ምን ያህል ነው? ደብተራችሁን አውጡና አብረን እናስላ። ማንኛውም ሽቦ ለኤሌክትሪክ ጥቂት እንቅፋት ይሆንበታል። እንቅፋቱ በኦም ይለካል። ስፒከሩ ከማጫወቻው 10 ሜትር ቢርቅ፣ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ መንገዱ 20 ሜትር ነው። ሽቦው 1 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ፣ የመዳቡ እንቅፋት 0.34 ኦም፣ የብሩ 0.32 ኦም ያህል ይሆናል። ልዩነቱ 0.02 ኦም ነው። ስፒከሩ ራሱ 8 ኦም ቢሆን፣ ልዩነቱ ከ400 እጅ አንዱ እጅ ነው። ይህን ጆሮ አይለየውም።

አሁን ደግሞ ውፍረቱን እንለውጥ። መስኖ የምታጠጡ ታውቁታላችሁ፤ ቦዩ ሲሰፋ ውሃው እንደ ልብ ይሄዳል። ሽቦም እንዲሁ ነው። መዳቡን ወደ 2 ካሬ ሚሊሜትር ብናወፍረው፣ እንቅፋቱ በግማሽ ቀንሶ 0.17 ኦም ይሆናል። እንግዲህ ወፍራሙ መዳብ ቀጭኑን ብር በለጠው ማለት ነው፤ ያውም ባነሰ ዋጋ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ነጭ ሁሉ ብር አይደለም፤ ቆርቆሮ የተለበጠ መዳብም ነጭ ነው። ቀይ ሁሉም መዳብ አይደለም፤ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን መዳብ የለበሰ ሽቦ ይሸጣል። የመዳብ እንቅፋት 10 ቢሆን፣ የአሉሚኒየም 16 ያህል ነው። ስለዚህ ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ፣ የመዳብ ዋጋ አትክፈሉበት።

ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም ከተንኮሻኮሸ፣ አዲስ ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች አድርጉ፦

1ኛ/ ማጫወቻውን አጥፉና ከኤሌክትሪክ ንቀሉ።
2ኛ/ የሽቦውን ጫፍ እዩ። መዳብ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ብርም ቢሆን እንደ አንገት መስቀላችሁ ይጠቁራል። ፍቃችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት።
3ኛ/ በሁለቱም ስፒከሮች ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኙ። አንዱ ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል።

በመጨረሻ፣ በየቡድናችሁ ይህን ሠርታችሁ ተወያዩበት። ስፒከሩ 5 ሜትር ብቻ ቢርቅ፣ የ1 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ እንቅፋት ስንት ኦም ይሆናል? ፊደል የቆጠረ ሰው በሽቦው ላይ የተጻፈውን ያነባል፤ ቁጥር የለየ ሰው ደግሞ ዋጋውን ይመዝናል። በደህና ሰንብቱ!