የረከሰ መሥዋዕት በኤስኪለስ «ኦሬስቴያ»

ኤስኪለስ «ኦሬስቴያ» የተባሉትን ሦስት ተያያዥ ተውኔቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ458 በአቴና ያቀረበው በዲዮኒሶስ አምላክ ዓመታዊ በዓል፣ ከአክሮፖሊስ ደቡባዊ ግርጌ በሚገኘው የዚሁ አምላክ ቴአትር ነበር። ተመልካቹ በበዓሉ ኮርማዎች ሲታረዱ የሚያይ ሰው በመሆኑ፣ በመድረክ ላይ ስለ መሥዋዕት የሚነገረውን ሁሉ ከገዛ አምልኮው ጋር እያመሳከረ ይሰማ ነበር።

በግሪኮች ሥርዓት ለመሥዋዕት የሚቀርበው እንስሳ ወዶ ወደ መሠዊያው እንደመጣ ተቆጥሮ፣ ገብስ ተነስንሶበት ይታረዳል፤ ሥጋውም ማኅበሩን የሚያስተሳስር ማዕድ ይሆናል። በመጀመሪያው ተውኔት፣ በ«አጋሜምኖን»፣ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። በዜማና በውዝዋዜ ታሪኩን የሚያጅቡት መዘምራን እንደሚተርኩት፣ ንጉሡ አጋሜምኖን ወደ ትሮይ የሚዘምቱትን መርከቦች ያገደው ነፋስ እንዲገራለት ልጁን ኢፊጌኒያን አርጤምስ ለተባለችው አምላክ ይሠዋል፤ ልጅቱ ቤተሰቧን እንዳትረግም አፏ ተለጉሞ፣ እንደ ፍየል ግልገል ከመሠዊያው በላይ ተይዛ፣ ቢጫ ልብሷ ወደ መሬት እየወረደ፣ አራጆቿን በዓይኗ ትማጸናለች። ፈቃድም ማዕድም የሌለበት መሥዋዕት ነው።

ንጉሡ ከጦርነቱ ሲመለስ፣ ሚስቱ ክሊተምነስትራ በመታጠቢያው ውስጥ እንደ መረብ በሆነ ልብስ ጠቅልላ ሦስት ጊዜ ትመታዋለች። ግሪኮች በግብዣ ላይ ሦስተኛውን የመጠጥ ቁርባን፣ ማለትም ለአምላክ ክብር የሚፈስሰውን ወይን፣ ለአዳኙ ዜውስ ያቀርቡ ስለነበር፣ ንግሥቲቱ ሦስተኛውን ምት ከምድር በታች ላለው ዜውስ እንዳቀረበችው ስትናገር የምስጋናው ሥርዓት የግድያ ቋንቋ ይሆናል። ምሁሯ ፍሮማ ዛይትሊን በ1965 ባሳተሙት ጥናት የመረመሩት ይህንኑ የረከሰ መሥዋዕት ነው። ገዳይ ሁሉ እጁን የተቀደሰ አድርጎ ስለሚያይ፣ አንዱ ደም ሌላውን እየጠራ በቀሉ ማብቂያ ያጣል።

በመጨረሻው ተውኔት፣ እናቱን ክሊተምነስትራን ገድሎ የአባቱን የአጋሜምኖንን ደም የተበቀለው ኦሬስቴስ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ከዘመናት በኋላ በተናገረበት በአርዮስፋጎስ ለፍርድ ይቀርባል፤ የዳኞቹ ድምፅ እኩል ሲከፈልም ነፃ ይወጣል። አቴና የተባለችው አምላክ በፍርዱ የተቆጡትን የበቀል አማልክት፣ ኤሪንየስን፣ በኃይል ከማባረር ይልቅ አግባብታ በከተማዋ መኖሪያ ትሰጣቸዋለች፤ ሕዝቡም ስለ ልጆችና ስለ ጋብቻ መሥዋዕት እንደሚያቀርብላቸው ቃል ትገባለች። ኤስኪለስ የደም ፍርድን ለዳኞች አስረክቦ መሥዋዕትን ወደ ሕይወት አገልግሎቱ የሚመልሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ሥርዓቱን ያረከሰው ሰው ነውና፣ የሚፈወሰውም ሥርዓቱን በመሻር ሳይሆን በቦታው በመመለስ እንደሆነ ተውኔቱ በጽናት ያስተምራል።