ስማቸው ያልተጻፈ የሲኒማ ሽፍቶች

ሰው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የዋናውን ተጫዋች ስም ይዞ ይወጣል። ከሽፍታው አለቃ በስተኋላ የሚጋልበውና ጥይት ሲተኮስ አስቀድሞ የሚወድቀው ጭፍራ ማን እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። ነገሩ ከልጆች አስተዳደግ ጋራ የሚገናኝ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ እነዚህ ሰዎች ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

በሽንሌ በኩል የሚያልፈው የጂቡቲ ምድር ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ነበር። ለሽንሌ ባላገር ባቡር የመንገድና የንግድ ነገር ሲሆን፥ ከአንድ ዓመት በኋላ በአሜሪካ የጨዋታ ታሪክ ሆነ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1903 የኤዲሶን ኩባንያ «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» የተባለውን፥ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን ፊልም አወጣ። በፊልሙ ላይ የአንድም ተጫዋች ስም አልተጻፈም። ሽጉጡን ወደ ተመልካቹ አነጣጥሮ የሚተኩሰው የሽፍቶች አለቃ ጀስተስ ባርነስ ይባል ነበር። ጊልበርት አንደርሰን የተባለው ደግሞ ልብሱን እየለወጠ በዚያው ፊልም ከአንድ ሰው በላይ ሆኖ ተጫወተ። ይህ ሰው በኋላ «ብሮንኮ ቢሊ» በሚል ስም ገናና ሆኖ በ1958 የክብር ኦስካር ተሸለመ።

ብዙዎቹ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኙም። በየከብት እርባታው ሥራ ያጡ ፈረሰኞች ወደ ሆሊውድ እየሄዱ ጋወር በተባለው መንገድ ማዕዘን ቆመው የቀን ሥራ ይጠብቁ ነበር። አንዱ ሰው ጧት ሽፍታ፥ ከቀትር በኋላ የሽፍታ አሳዳጅ ሆኖ ይሞታል። ያኪማ ካኑት የተባለው ፈረሰኛ በ1939 በወጣው «ስቴጅኮች» በተባለው ፊልም ከሚጋልቡ ፈረሶች መካከል ወድቆ ሠረገላው በላዩ ሲያልፍ ታየ። እንደ እርሱ ያሉትን ተጫዋቾች ከጉዳት የሚጠብቁ መሣሪያዎችን ስለ አዘጋጀ እርሱም በ1967 የክብር ኦስካር ተሰጠው።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1938 «ሉቻኖ ሴራ አብራሪው» የተባለ የጣሊያን ፊልም ወጣ። የሥራው ተቈጣጣሪ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር፤ በቬኒስም የሙሶሊኒን ዋንጫ አገኘ። በዚህ ፊልም ኢትዮጵያውያን ጦረኞች ወታደር በጫነ ባቡር ላይ አደጋ ሲጥሉ ይታያሉ። የጣሊያኑ ተጫዋች የአሜዴዎ ናዛሪ ስም በትልቁ ሲጻፍ፥ በሜዳው ላይ የሚሮጡትና የሚወድቁት የአገራችን ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም። በገዛ ምድራቸው የአሜሪካን ፊልም ሽፍታ ቦታ እንዲይዙ ተደረጉ።

ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ1928 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ ምድር ባቡር መሥመር ላይ አደጋ የጣሉት ሰዎች ለአገራቸው ነጻነት የተነሡ አርበኞች ነበሩ። ጀግናና ሽፍታ ብሎ የሚለየው ፊልሙን የሚያነሣው ሰው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ልጅ ግን ያየውን ሁሉ እንደ እውነት ይቀበላል፤ ስም ያለውን ማክበር፥ ስም የሌለውን መናቅ ሳያውቀው ይለምዳል። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲኒማ ባሳዩ ጊዜ ከጨዋታው በኋላ ሁለት ነገር ቢጠይቋቸው መልካም ነው እንላለን። የወደቀው ሰው ማን ነበር? ሽፍታ ያለውስ ማን ነው? ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ አድጎ ሹም ቢሆን፥ ስሙ በመዝገብ ያልተጻፈውን ድኻ አይንቅም፤ አንድን ሰው በሰሚ ወሬ ብቻ ወንጀለኛ ብሎ አይፈርድም።