ልብን የሚረዳ ሞተር

ልብ ሲደክም ሰውነት ሁሉ እንደሚደክም ታውቃላችሁ። ድካሙ በመድኃኒት የማይመለስ ሲሆን፥ ሐኪሞች ከሚሠሩባቸው ብልሃቶች አንዱ ከልብ ጋር የሚገጠም ትንሽ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ልብን አይተካም፤ ከግራው የልብ ክፍል ደም እየሳበ ወደ ታላቁ የደም ሥር በመግፋት ይረዳዋል እንጂ።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ዶክተር ማይክል ደቤኪ በአሜሪካ፥ በሂዩስተን ከተማ፥ የአንዲትን ሴት ልብ በእንዲህ ያለ ፓምፕ ለ10 ቀን ረድተው አድነዋታል። ዛሬ ግን በሽተኛው ፓምፑን በደረቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ሀርትሜት 3 የተባለው ፓምፕ ከተገጠመላቸው 100 ሰዎች 58 ያህሉ 5 ዓመት ኖረዋል።

ኑሮው ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከፓምፑ የሚነሣ ገመድ በሆድ ቆዳ በኩል ወጥቶ፥ በወገብ ከሚታጠቅ መቈጣጠሪያና ከሁለት ባትሪዎች ጋር ይገናኛል። ባትሪዎቹ የሚለወጡት አንድ በአንድ ነው፤ ሁለቱን በአንድነት መንቀል አይገባም። ሌሊት ከቤቱ ኤሌክትሪክ ጋር ይያያዛል፤ መብራት ቢቋረጥም የተሞላ ባትሪ ከአጠገብ መገኘት አለበት። ገመዱ የወጣበት ቆዳ እንዳያመረቅዝ በንጽሕና ይጠበቃል፤ ዋናም ክልክል ነው። ደም በፓምፑ ውስጥ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ይወሰዳል። መድኃኒቱ ቢበዛ ደም ያፈስሳል፥ ቢያንስም ደም ይረጋልና፥ ደሙ በየጊዜው ይመረመራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ፓምፑ ደሙን ያለ ማቋረጥ ስለሚገፋ፥ የእጅ ትርታ ብዙ ጊዜ አይዳሰስም። እንዲህ ያለው ሰው ወድቆ ቢገኝ፥ ትርታ የለውም ብላችሁ ሞቷል አትበሉ። ጆሮአችሁን ከደረቱ አስጠግታችሁ የሞተሩን ድምፅ አድምጡ፤ ገመዱና ባትሪዎቹ መያያዛቸውን ተመልከቱ፤ ሐኪምም በፍጥነት ጥሩ።

ስለዚህ ፓምፑ ከመገጠሙ በፊት ቤተ ሰብ ሊመክርበት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ባትሪውን፥ ቍስሉንና መድኃኒቱን ከበሽተኛው ጋር በየቀኑ የሚጠብቅ ማን እንደ ሆነ ነው። ሞተሩ ደሙን ይገፋል፤ ሞተሩን የሚጠብቀው ግን የቤተ ሰቡ ትጋት ነው።