27 በመቶው የት ደረሰ?

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወጥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ሰበታ የሚዘልቅ ሰው የሁለት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችን ስም ሳይሰማ አይቀርም፤ አይካ አዲስና ሳይገን ዲማ። በሁለቱም የቱርክ ባለሀብቶች ገብተውባቸው ነበር። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከፍተኛ ብድር ወስደው መመለስ ሲያቅታቸው ባንኩ ተረከባቸው። በዚያው ከተማ ባልትና የምትሸጥ ሴት ወይም አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ባንክ ቢሄዱ ግን ስለ ሥራቸው የሚጠይቃቸው የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ "ካርታ አለ ወይ?" ነው።

ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰው ይህ ጥያቄ ከሌላው ይብስበታል። አዲስ አበባ እየሰፋች ስትሄድ በዳርቻዋ ያለው ብዙ መሬት ከገበሬ በውል ወረቀት ተገዛ፤ ቤት ተሠራበት፤ ልጅ ተወልዶ አደገበት፤ ካርታ ግን አልወጣለትም። በ2015 ዓ.ም. ከተሞቹ በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ እንዲህ ያሉ በርካታ ቤቶች ሕገ ወጥ ተብለው ፈረሱ። ካርታ ያለውም ቢሆን፣ ይዞታው የሊዝ ከሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሊዝ መብቱን እንዲያስይዝ የሚፈቅድለት በከፈለው የሊዝ ገንዘብ ልክ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው ባንክን የሚያውቀው ገንዘብ ሊያስቀምጥ ሲሄድ ነው። ሲቸገር ዕቁቡን ወይም ዘመዱን ይለምናል፤ ሁሉም ሲዘጋበት አራጣ አበዳሪ ደጅ ይቆማል።

ያስቀመጠው ገንዘብስ የት ይሄዳል? በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ አንድ መመሪያ አወጣ። እያንዳንዱ የግል ባንክ ካበደረው ብድር 27 በመቶ የሚሆነውን ያህል ገንዘብ እየጨመረ የብሔራዊ ባንክ ቢል የተባለ የዕዳ ሰነድ እንዲገዛ አስገደደ። 100 ብር ያበደረ ባንክ 27 ብር ሌላ ማምጣት ነበረበት ማለት ነው። ቢሉ ሲጀመር የሚያስገኘው ወለድ 3 በመቶ ሲሆን ባንኮቹ ለቆጣቢ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 5 በመቶ ነበር። ኪሳራው የግድ የሆነ ቦታ መካካስ ነበረበት፤ የተካካሰውም በተበዳሪው ወለድ ላይ ነው። ባንኮቹ አቤት አሉ፤ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክም ተቃወሙ። መመሪያው የተነሣው ግን በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው።

በቢሉ የተሰበሰበው ገንዘብ በብሔራዊ ባንክ በኩል ለልማት ባንክ ይሰጥ ነበር፤ ልማት ባንክም ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ያበድራል። ከነዚያ ተበዳሪዎች መካከል የሰበታዎቹ ፋብሪካዎች ይገኛሉ። በ2010 ዓ.ም. ገደማ የልማት ባንክ የተበላሸ ብድር ከጠቅላላው 40 በመቶ አካባቢ ደርሶ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የባልትናዋ ባለቤት ያስቀመጠችው ብር ተዘዋውሮ የራሷ ከተማ ደርሷል፤ እሷ ግን በዚያው ብር መሥራት አልቻለችም። ፋብሪካ መክፈት ስህተት ነው አልልም፤ በሺህ የሚቆጠር ወጣት ሥራ ያገኘው እዚያ ነው። ጥፋቱ ለትልቁ ተበዳሪ ሲሆን መያዣውም ጥናቱም ላልቶ ለትንሹ ሲሆን መጥበቁ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያ የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት መሠረት፣ ከባንኮች ጠቅላላ ብድር ሩብ ገደማ የሚሆነው በ10 ተበዳሪዎች እጅ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረትን ለማርገብ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ተጣለ፤ ኋላ ገደቡ ከፍ እንዲል ተደርጓል። የሚታደለው ገንዘብ ሲያንስ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚያስቀድመው ነባሩን ትልቅ ደንበኛውን ነው።

አሁን ወደ 1990 ዓ.ም. እንመለስ፤ የዛሬው ምሬት ሥሩ ያለው እዚያ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ብሔራዊ ባንክ የማበደሪያ ወለድ ጣሪያን አንሥቶ ባንኮች ራሳቸው እንዲወስኑ ለቀቀ። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 97/1990 ወጣ። አዋጁ ያልተከፈለው ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጠው። ባንኩ ሲሸጥ ሥርዓቱን ከጣሰ ተበዳሪው ካሣ መጠየቅ ይችላል፤ ቤቱ ከተሸጠ በኋላ። የወለዱ ወሳኝ፣ የዕዳው ቆጣሪና የንብረቱ ሻጭ አንድ አካል ሆነ። ገንዘቡ የቆጣቢ ነውና ባንክ ብድሩን ማስመለስ አለበት፤ ይህን አልክድም። ግን ወለዱንም ሐራጁንም ባንድ ዓመት ለአንድ ወገን ሰጥቶ ተበዳሪውን ባዶ እጁን መተው ሚዛን አይደለም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ አራጣ ደግሞ በወንጀል ያስቀጣል። ሕግ አውጪው ባለዕዳ ሲጨነቅ ያገኘውን ሁሉ እንደሚፈርም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያ ሰው ባንክ ቤት ሲገባ ጭንቀቱ አይቀርለትም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህን በክሬዲት ካርድ ያውቁታል፤ ከ20 በመቶ በላይ ወለድ እዚያ የተለመደ ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ1978 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ባንክ የተቋቋመበትን ግዛት ወለድ በሌላ ግዛት ላለ ደንበኛ ማስከፈል እንደሚችል ፈረደ። ሳውዝ ዳኮታ የወለድ ጣሪያዋን አነሣች፤ ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን ወደዚያ ወሰደ። በ2025 ከሁለቱ ተቃራኒ ወገኖች የተነሡት ሴናተሮች በርኒ ሳንደርስና ጆሽ ሃውሊ የ10 በመቶ ጣሪያ ሐሳብ አብረው አቀረቡ። የባንኮች ማኅበራት ተቃወሙት።

እዚያ ባንክ ሕግ አውጪውን ያግባባል ተብሎ ይከሰሳል። እኛ ዘንድ ትልቁ ባንክ የመንግሥት ነው፤ ተቆጣጣሪው የመንግሥት ነው፤ ከትልልቆቹ ተበዳሪዎችም ግንባር ቀደሞቹ የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. በነዚህ ድርጅቶች ዕዳ የተጎዳውን ንግድ ባንክ ለመደገፍ እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ አጸደቀ። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 1360/2017 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ በር ከፈተ። የ27 በመቶው ጉዳይ ግን በመመሪያ መጥቶ በመመሪያ ሄደ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ ብድር 20 በመቶ የግምጃ ቤት ቦንድ ግዙ የሚል ግዴታ ሆኖ ተመለሰ። የሰበታ ሰው የመረጠው እንደራሴ ከሁለቱ ግዴታዎች በአንዱም ላይ እጁን አላወጣም።

ምክር ቤቱ የቆጣቢን ገንዘብ ወደ ሌላ የሚያዞር መመሪያ ሁሉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲቀርብለት ሊደነግግ ይችላል። አዋጅ 97ንም ከፍቶ፣ ሐራጅ ከመውጣቱ በፊት ዳኛ የዕዳውን ስሌትና የቤቱን ግምት እንዲያይ፣ ለመኖሪያ ቤት ደግሞ ከ30 ቀን የረዘመ ጊዜ እንዲሰጥ ማድረግ ይችላል። ለዚያ የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ወንበሮቹን የባንክ ኃላፊዎችና ጠበቆች ብቻ እንዳይሞሏቸው፤ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሰበታ ቤታቸው የተሸጠባቸው ሰዎች ይጠሩ።