የተበተኑ ታሪኮች በአንድ ጥራዝ፦ አለን ሙር እና የሰው ጀግኖች

ባለፈው መስከረም የማኅበራችን ኮሚቴ አንድ ሥራ ሰጠኝ። ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው እዚህ ኮሌጅ የተማሩ አንድ ሰው በዚህ መጽሔት ላይ የጻፏቸውን መጣጥፎች ሰብስቤ በአንድ ፒዲኤፍ እንዳወጣ ነበር። ጽሑፎቹ እዚህም እዚያም ተበትነዋል። ግማሾቹ የወጡት በብዕር ስም ነው፤ አንዱን ያገኘሁት እንዲያውም ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ማስታወቂያ ሥር ተጨምቆ ነው። አሥራ አራቱን ለቅሜ፣ ሽፋኑን ሠርቼ፣ በግሩፓችን ላይ “በቅርብ ቀን ይጠብቁ” ብዬ ለጠፍኩ። ጸሐፊውን ግን አልጠየቅኳቸውም። ለምን እንዳልጠየቅኳቸው ስታስቡ አትድከሙ፤ ትዝ አላለኝም።

ትዝ ያሰኘኝ በዚያው ሰሞን ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት የኮሚክ መጽሐፍ ነው። የአለን ሙርን የዲሲ ታሪኮች የያዘ አንድ ጥራዝ። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚያ መጽሐፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥራዝ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ምን እንደሚያተርፍ፣ ማንንስ እንደሚያስከፋ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አለን ሙር በ1953 በእንግሊዝ አገር ኖርዝሃምፕተን የተወለደ ጸሐፊ ነው። ኮሚክ የማያነብ ሰው እንኳ “ዋችመን”ን ወይም “ቪ ፎር ቬንዴታ”ን በፊልም ሳያያቸው አይቀርም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዲሲ ለተባለው የአሜሪካ አሳታሚ “ስዋምፕ ቲንግ” የሚባለውን መጽሔት በየወሩ ይጽፍ ነበር። መደበኛ ሥራው እሱ ነው። ከጎን ግን ትናንሽ ሥራዎች ይመጡ ነበር። ያኔ ኮሚክ ማለት በየወሩ የሚወጣ ቀጭን መጽሔት ነው፤ እያንዳንዱ ጀግና የራሱ መጽሔት፣ እያንዳንዱ መጽሔት የራሱ ቋሚ ጸሐፊ አለው። ክፍተት ሲኖር ግን ሌላ ጸሐፊ ይጠራል፦ በዓመት አንዴ ለሚወጣው ወፈር ያለ ልዩ እትም፣ ከዋናው ታሪክ ኋላ ለሚገቡት ጥቂት ገጾች፣ ወይም ቋሚው ጸሐፊ ለሌለበት ወር። ሙር እንዲህ እየተጠራ ለሱፐርማን ጻፈ፣ ለባትማን ጻፈ፣ ለግሪን ላንተርን ጻፈ፣ ማንም ለማያስታውሳቸው እንደ “ኦሜጋ ሜን” ላሉ መጽሔቶችም ጻፈ።

ውጤቱን ገምቱት። የአንድ ሰው ታሪኮች ዘጠኝ ያህል የተለያዩ መጽሔቶች ውስጥ ተቀበሩ። አንዳንዶቹ ሰባት ገጽ ብቻ ናቸው፤ ለምሳሌ ስለ ግሪን አሮው የጻፈው በ1985 በሁለት ወር ተከፍሎ ከባትማን ታሪክ ኋላ ነው የወጣው። ዲሲ እነዚህን በ2003 ሰብስቦ አንድ ጥራዝ አደረጋቸው። በ2006 ደግሞ ሁለት ታዋቂ ሥራዎች ጨምሮ እንደገና አወጣው። በእጄ ያለው ይኸኛው ነው።

ከሁሉ የሚነበበው የመጀመሪያው ታሪክ ነው፤ በ1985 በሱፐርማን ዓመታዊ እትም የወጣ፣ ሥዕሉ የዴቭ ጊበንስ። የሱፐርማን ልደት ነው። ባትማን፣ ሮቢንና ዎንደር ዉማን ስጦታ ይዘው በዋልታው በረዶ ውስጥ ወዳለው ቤቱ ይመጣሉ። ሱፐርማን ግን ደረቱ ላይ አንድ ተክል ተጣብቆበት ደርቆ ቆሟል። ተክሉን የላከው ሞንጉል የሚባል ጠላቱ ነው፤ የሚያደርገውም የተያዘውን ሰው ልቡ በጣም የተመኘውን ማሳየት ነው። ሱፐርማን የሚያየው ምንድን ነው? የተወለደባት ፕላኔት አልጠፋችም። እሱም እዚያው አድጎ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ እንደማንም ሠራተኛ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። ሕልሙ ግን እየቆየ ይበላሻል። ፕላኔቷ ትጠፋለች ብሎ የተነበየው አባቱ ስላልጠፋች ተዋርዶ፣ መራራ ሽማግሌ ሆኗል፤ አገሩም ተከፋፍሏል። ከሕልሙ ለመውጣት ሱፐርማን ትንሹን ልጁን አቅፎ፣ እውነት እንዳልሆነ እያወቀ መሰናበት አለበት።

ይህን ስደት ላይ ሆኖ ማንበብ ሌላ ነገር ነው። ጥለን የመጣነው አገር ሳንለየው ብንቀር ምን ይመስል እንደነበር በልባችን የምንሥለው ሥዕል አለን፤ ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ። ሙር ያንን ሥዕል ጣፋጭ ብቻ አድርጎ አለመተዉን ነው የወደድኩለት።

ሁለተኛው የማልረሳው የግሪን ላንተርን ታሪክ ነው። ግሪን ላንተርን ማለት ቃል በቃል አረንጓዴ ፋኖስ ነው፤ የኅዋ ጠባቂዎች ቡድን ነው፣ ኃይላቸውም ከአረንጓዴ ብርሃን ነው። በ1987ቱ ታሪክ አንዷ ጠባቂ ምንም ብርሃን ወደሌለበት የኅዋ ጥግ ትላካለች፤ እዚያ ተስማሚ ሰው ፈልጋ አባል እንድታደርግ። ሰውየውን ታገኘዋለች። ግን ዓይን የለውም፣ ወገኖቹም የላቸውም። “አረንጓዴ” ምን ማለት ነው? “ፋኖስ”ስ? “ብርሃን”ስ? በእሱ ቋንቋ አንዱም የለም። ስትቸገር ቆይታ ነገሩን በሙሉ ወደ ድምፅ ትመልሰዋለች፦ ቀለሙ የሙዚቃ ኖታ ይሆናል፣ ፋኖሱ ደወል ይሆናል፣ መሐላውም በድምፅ ቋንቋ ይታደሳል። ሰውየው በትክክል ሥራውን ይጀምራል። ችግሩ ግን የግሪን ላንተርን አባል ነው ወይ ቢባል፣ ስለዚያ ቡድን ሰምቶም አያውቅም። አያቴ በስልክ “ምንድን ነው የምትማሪው?” ስትለኝ ኮግኒቲቭ ሳይንስን በአማርኛ ለማስረዳት የታገልኩባቸው እሑዶች ናቸው የታወሱኝ። ስጨርስ የተረዳችው ነገር ሙሉ ነው፤ እኔ የምማረው ግን መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለ ሞጎ የሚተርከውን አልነግራችሁም፤ ጥቂት ገጽ ናት፣ መጨረሻዋን ያወቀ ሰው ደስታዋን ያጣል።

“ታይገርስ” የሚባለው ደግሞ ከታሪኩ ይልቅ አወጣጡ ይገርማል። ከ1954 ጀምሮ የአሜሪካ ኮሚኮች ለልጆች ተገቢ መሆናቸውን የሚያይ የአሳታሚዎች የሳንሱር ቦርድ ነበር፤ ያለፈው መጽሔት ማኅተም ይታተምበታል። ቦርዱ ኬቨን ኦኒል የሣለውን ይህን ታሪክ አላሳልፍም አለ። ምን ይስተካከል ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሚስተካከል ገጽ የለም፣ ያልተወደደው የሰውየው አሣሣል ራሱ ነው የሚል መልስ መጣ። ዲሲ ያለ ማኅተሙ አወጣው። በዓመታዊ እትም ውስጥ የገባችው ይህች አጭር ታሪክ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ በ2009 ለጀመረው “ብላኬስት ናይት” ለተባለው ትልቅ የዲሲ ተከታታይ መነሻ ሆነች። የጻፈው ግን ሌላ ሰው ነው።

ታሪኮቹ ተበትነው ሳሉ የማይታይ፣ ሲሰበሰቡ ግን ዓይን ውስጥ የሚገባ ነገር አለ። ሙር ጀግኖቹን በጡንቻ አይፈትናቸውም። ሱፐርማን በምኞቱ ይታሰራል። በ“ታይገርስ” አቢን ሱር የሚባለው ጠባቂ ስለ ሞቱ የሰማውን ትንቢት በመፍራቱ ምክንያት ወደዚያው ሞት ይሄዳል። የባትማን ጠላት ክሌይፌስ የልብስ መደብር አሻንጉሊት አፍቅሮ ይቀናባታል። እነዚህን በዘጠኝ መጽሔት ያነበበ ሰው ዘጠኝ ጥሩ ታሪክ አነበበ፤ በአንድ ጥራዝ ያነበበ አንድ ጸሐፊ አገኘ።

መጥፎ ጎንም አለው። በ2006 ከተጨመሩት አንዱ በ1988 ለብቻው የታተመው “ዘ ኪሊንግ ጆክ” ነው፤ ብራያን ቦላንድ የሣለው የባትማንና የጆከር ታሪክ። ዝነኛ ነው፣ ያሻሽጣል። ሙር ራሱ ግን እንደማይወደው ደጋግሞ ተናግሯል፤ እኔም ከእነዚያ ቀላልና ፈገግ ከሚያሰኙ ታሪኮች ጎን ሲቀመጥ ከበደኝ። ሽፋኑም የጸሐፊውን ስም ብቻ በትልቁ ይዟል፤ ኮሚክ ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው። ጊበንስን ከመጀመሪያው ታሪክ አውጡና ምን እንደሚቀር እዩ።

ዋናው ጉዳይ የባለቤትነቱ ነው። ሙር የጻፈላቸው ጀግኖች የእሱ አይደሉም፤ ታሪኮቹም አይደሉም። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ እንዲህ ያለ ሥራ በቅጥር እንደተሠራ ይታያል፣ መብቱም የአሳታሚው ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሚገባ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ሽፋን የሚወስነው ዲሲ ነው። ሙርን በጣም ያስመረረው ግን ሌላ ጥራዝ ነው። ለ“ዋችመን” የፈረመው ውል፣ መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ወደ እሱና ወደ ጊበንስ እንደሚመለስ ይላል። ያኔ ኮሚክ ወሩ ካለፈ ማን ያገኘዋል? ደህና ውል ነበር። አሥራ ሁለቱ ቁጥሮች በ1987 በአንድ ጥራዝ ወጡ፤ ጥራዙም ከዚያ ወዲህ ከገበያ አልጠፋም። መብቱም አልተመለሰም። ከመጥፋት ያዳነው መጠረዝ ያው ከባለቤቱ እጅ አስቀረው።

ሙር በ1980ዎቹ መጨረሻ ከዲሲ ጋር ተጣላ። በኋላም የ“ቪ ፎር ቬንዴታ” ፊልም ስሙን እንዳይጠቅስ አደረገ። በ1982 በእንግሊዝ የጀመረው “ሚራክልማን” በ2014 በማርቨል እንደገና ሲታተም ደግሞ በስሙ ቦታ የሰፈረው “የመጀመሪያው ጸሐፊ” የሚል ብቻ ነው። ሁለቱን መጽሐፎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ በአንዱ ሽፋን ስሙ ከሱፐርማን እኩል ጎልቷል፤ በሌላው ራሱ አስፍቆታል።

መጽሐፉን ዘግቼ ስልክ አነሳሁ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጽሑፎችዎን ሰብስቤ ነበር፤ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ” አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። “እነዚያን ከየት አገኘሻቸው? ልጄ፣ በሃያ አንድ ዓመቴ የጻፍኩትን ዛሬ በስሜ ታወጪዋለሽ?” አሉኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው የመሰለኝ። የብዕር ስም የተጠቀሙትም ያኔ አገር ቤት ለቀሩት ዘመዶቻቸው ሲሉ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ በሽፋኑ ላይ እውነተኛ ስማቸውን በትልቁ ጽፌዋለሁ።

ማስታወቂያውን ከግሩፑ አነሳሁት፤ ብዙዎቻችሁ “የት ደረሰ?” ያላችሁኝ እሱ ነው። አሥራ አራቱንም ላክሁላቸው። ዘጠኙን ፈቅደዋል፣ በብዕር ስም እንዲሆን። ሁለቱን አይሆንም ብለዋል፤ ከሁለቱ አንዱ እኔ ከሁሉ የወደድኩት ነው። የቀሩትን ሦስቱን መነጽራቸውን ካስቀየሩ በኋላ አንብበው እንደሚነግሩኝ ቃል ገብተውልኛል።