በበረዶ መካከል ያልተዘጋ በር

አንባቢዎቼ ሆይ፤ «ክረምት» የሚለውን ቃል ስትሰሙ የሐምሌ ዝናብና ጭቃ፣ የሚያፈስ ጣራ፣ በከሰል ላይ የሚጠበስ በቆሎ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። በኤውሮፓ ተራሮች ላይ ግን ክረምት ማለት ሌላ ነገር ነው። እኛ ነጭ ለብሰን ጥምቀትን በጠራራ ፀሐይ በምናከብርበት በጥር ወር፣ በስዊስና በኢጣልያ ወሰን ላይ ባሉት የአልፕስ ተራሮች መንገዱ ከበረዶ በታች ይቀበራል፤ ብርዱም ከዜሮ በታች እስከ 30 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት በዚያ ብርድ መካከል ወደ አንድ ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ መንገደኛ ሲቀበል ስለ ኖረ አንድ ቤት ነው።

ስፍራው ታላቁ ቅዱስ በርናርድ ይባላል። እኛ «ጣርማ በር» እንደምንለው ያለ፣ በተራሮች መካከል የሚያሳልፍ በር ነው። ከፍታው 2,469 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አይበልጥም፤ ደብረ ብርሃንማ ትበልጠዋለች። ታዲያ እኛ በዚያው ከፍታ ላይ ገብስና ባቄላ ስናመርት እነርሱ በበረዶ የሚቀበሩት ለምንድን ነው? ከምድር ወገብ ስለ ራቁ ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ታልፋለች፤ እነርሱ ዘንድ ግን በክረምት ቀን ከተራራው ጫፍ ብዙም ሳትርቅ ተመልሳ ትጠልቃለች። በአንድ ክረምት የሚወርደው በረዶ ቢደመር ከአሥር ሜትር ይበልጣል። የመኪናው መንገድ በጥቅምት ገደማ ይዘጋና እስከ ግንቦት መጨረሻ ወይም እስከ ሰኔ አይከፈትም።

ከዚያ ስፍራ ጋር ፍርሃት የቆየ ወዳጅነት አለው። የጥንት ሮማውያን በዚያ ለጁፒተር ቤተ ጣዖት ሠርተው ነበር፤ በደኅና የተሻገረ መንገደኛ በስእለቱ መሠረት ገንዘብ ወይም የተጻፈበት ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ያስቀምጥ ነበር። በኋላም በረዶው ሳይበቃ ሽፍቶች ተጨመሩበት። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ972 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው) የክሉኒው ገዳም አበምኔት ማዮሉስ በዚሁ መንገድ ሲያልፍ ተማርኮ በብዙ ገንዘብ ተቤዥቷል።

በ1050 ዓ.ም. ገደማ የአኦስታ ሊቀ ዲያቆናት የነበረው በርናርዶስ ከበሩ አናት ላይ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ሠራ። እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ቤቱን ከታች በሸለቆው፣ እንጨትና ውሃ በቅርብ በሚገኝበት፣ ሊሠራው ይችል ነበር። ነገር ግን በሸለቆው ያለ ቤት የሚቀበለው ከብርዱ ያመለጠውን ብቻ ነው። ሰው የሚሞተው ከላይ ነው፤ ስለዚህ ቤቱም ከላይ ሆነ። እኔ የዚህን ሰው እምነት የማየው ከስብከቱ ይልቅ በዚህ በቦታ ምርጫው ነው።

በዚያ የሚኖሩት ካህናት መነኮሳት በላቲን ቋንቋ የሚነገር አንድ መመሪያ አላቸው፤ ትርጉሙም «እዚህ ክርስቶስ ይመለካል፤ ይመገባልም» ማለት ነው። መመለኩ ይገባናል፤ መመገቡስ? የማቴዎስን ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ያነበበ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አያቶቻችንም ሲመሽባቸው ከማያውቁት ደጃፍ ቆመው «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ!» ብለው ይጣሩ አልነበረምን? ባለቤቱ የሚያስገባው እንግዳውን ስላወቀው አይደለም፤ የማንን ስም እንደ ጠራ ስለ ሰማ ነው።

ይህ በቃል የቀረ አይደለም። አየሩ በከፋበት ቀን መነኮሳቱና መንገድ መሪዎቹ ረጅም ዘንግ ይዘው፣ ዳቦና ፎርማጆ ወይን ጠጅም ተሸክመው፣ ውሾቻቸውን አስቀድመው መንገደኛ ፍለጋ ይወርዱ ነበር። ባሪ የተባለው ዝነኛ ውሻ ከ40 በላይ ሰዎች አድኗል ይባላል፤ እርሱም በ1814 ዓ.ም. በበርን ከተማ በእርጅና ሞተ። (በሥዕል ላይ በአንገቱ የሚታየው ትንሽ በርሜል የሠዓሊዎች ፈጠራ ነው።) በግንቦት 1800 ዓ.ም. ናፖሊዮን 40,000 ያህል ወታደር ይዞ ሲያልፍ ለዚያ ሁሉ ሠራዊት ዳቦና ወይን ጠጅ ያቀረበው ይኸው ቤት ነው።

ያልተደረሰላቸውም ብዙዎች ናቸው። መሬቱ ዓለትና የቀዘቀዘ ስለ ሆነ መቃብር አይቆፈርበትም፤ ስለዚህ ዘመድ መጥቶ እስኪለያቸው ድረስ ሬሳቸው ከቤቱ አጠገብ ባለች ትንሽ የሬሳ ቤት ይቀመጥ ነበር፤ ብርዱም እንዳይፈርሱ ይጠብቃቸዋል። እንግሊዛዊው ደራሲ ዲከንስ በ1846 ዓ.ም. ስፍራውን ጎብኝቶ «ሊትል ዶሪት» በተባለው መጽሐፉ አስገብቶታል። የሕያዋኑም ዕድል ቀላል አልነበረም፤ በወጣትነታቸው ወደዚያ ከወጡት መነኮሳት ብዙዎቹ ብርዱ ጤናቸውን ሰብሮት ወደ ማርቲኚ ከተማ ወርደዋል።

የተቀበሉት እንግዳ ማንነቱ አይጠየቅም ነበር። ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በክፉ ዓይን በሚተያዩበት ዘመን እንኳ ፕሮቴስታንቱ እንግሊዛዊ በካቶሊክ መነኮሳት ማዕድ ተቀምጦ በልቷል፤ ከእሳታቸው ሞቋል፤ ካልጋቸው ተኝቷል። ጸሎቱ በሰዓቱ ይደረሳል፤ የሚፈልግ ይሰማዋል፤ የማይፈልግ ሾርባውን ይጠጣል።

በ1964 ዓ.ም. ከተራራው ሥር 5.8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የዋሻ መንገድ ተከፈተ። የጭነት መኪናው አሁን ያንን አስፈሪ በር በጥቂት ደቂቃ በታቹ ያልፈዋል፤ ነጂውም ከላዩ ቤት መኖሩን ላያስብ ይችላል። የሚሞት መንገደኛ ከሌለ ቤቱ ለምን ይቆማል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የውሾቹ እርባታ በ2005 ዓ.ም. ከመነኮሳቱ እጅ ወጥቶ ማርቲኚ ላለ ድርጅት ተላልፏል። ቤቱ ግን አልተዘጋም። በክረምት የሚመጡት በስኪ ወይም በበረዶ ላይ በሚያስኬድ ሰፊ ጫማ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚወጡ ሰዎች ናቸው፤ የመጨረሻውም አቀበት እስከ ዛሬ «የሙታን ሸለቆ» ይባላል፤ የበረዶ ናዳ ይወርድበታልና። ከእነዚህ ብዙዎቹ በከተማ ሞቅ ያለ ቤት፣ ሙሉ ጓዳ ያላቸው ናቸው። የጎደላቸው ዳቦ አይደለም። አንዳንዱ ጸሎት የማያውቅ፣ አንዳንዱም ካወቀ በኋላ የተወ ነው።

ከመካከላችሁ ለትምህርት ወደዚያ አገር የሚሄድ ቢኖር፣ አስቀድሞ የናዳውን ወሬ ጠይቆ፣ መንገድ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይውጣ። በር ላይ ቆሞ ማንኳኳት አያስፈልገውም፤ አይቆለፍምና ገፋ አድርጎ ይግባ። መጀመሪያ የሚሰጠው ትኩስ ሻይ ነው። ማታ ደወሉ ሲደወል ከምድር ቤት ወዳለችው ትንሽ ጸሎት ቤት የሚወርዱትን ያያል፤ ከፈለገ ይከተላቸዋል፤ ካልፈለገም ሻዩ ይጨመርለታል።